የአያ ደምሴ ጎተራ

ባለፈው የገበያ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ አንዲት ወጣት ሴት መካነ ሰላም ካለችው ሱቄ ደጃፍ ቆማ «ጋሽ ይመር ማለት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«ለምስክርነት ከሆነ አይደለሁም፤ ለዕቃ ከሆነ ነኝ» አልኋት።

ሳቀች። የመጣችው ከአዲስ አበባ ነው። ሥራዋ ፈረንጅና ገንዘብ የተረፈውን ያገር ልጅ ሰው ወደማይሄድበት አገር ይዞ መሄድ ነው። ዳናክል ወርደው በሙቀቱ ተቀቅለዋል፣ ኦሞ ገብተዋል፣ ሰሜን ተራሮች ወጥተው ሰልችቷቸዋል፤ አሁን ደግሞ ገና ያልሰለቻቸውን ይፈልጋሉ። የስኳር ጆንያ ላይ አስቀመጥኋት። ስልኳን አውጥታ ከሰማይ የተነሣ ሥዕል አሳየችኝ፤ ተራራው ሁሉ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ፣ መሐሉ ላይ ቡናማ ክር። «ይኸውልዎ ጋሼ፣ በሽሎ ከዓባይ የሚገናኝበት። ማንም ያልረገጠው ቦታ ነው። በዚያ በኩል በቅሎ ጭነው ከወረዱት የሲራራ ነጋዴዎች እርስዎ ብቻ ቀርተዋል አሉኝ።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እሷ «ማንም ያልረገጠው» ባለችው ቦታ እኔ ብቻዬን ሦስት ጥንድ በረባሶ ጨርሻለሁ። እዚያ ተወልዶ፣ ተድሮ፣ አርሶ፣ እዚያው የተቀበረ ሰው ስንት እንደሆነ ደግሞ አፈሩ ይቁጠረው። ለካ «ማንም» የሚባለው ሌላ ሰው ኖሯል።

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ከቦርሳዋ ትንሽ ቱቦ አወጣች፤ ነጭ ቅባት ጨምቃ ክንዷን ማሸት ጀመረች። «ለፀሐይ ነው» አለችኝ። ሽታው ግማሽ ሎሚ፣ ግማሽ መድኃኒት የሚመስል ነገር ነው። ያን ሽታ ካሸተትሁ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜም የሰው ክንድ ላይ ነበር፤ ያን ጊዜም አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ማንም ያልሄደበት» እያለኝ ነበር። ልጅቷ ማውራቷን ቀጠለች፤ እኔ ግን መስማቴን እንጃ።

ያን ጊዜ መካነ ሰላም ከአንድ ሜዳና ከአንድ ዳገት አትበልጥም። ቆርቆሮ ክዳን የነበራቸው ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዝናብ ሲጥል ጎረቤት ድምፁን እንዲሰማላቸው በራቸውን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። የጭነት መኪና ከደሴ በሳምንት አንዴ ብቅ ብትል ነው፣ ክረምት ከገባ እሷም የለች። ጥሩምባዋ ሲሰማ ቃዲውም ቄሱም እኩል ይወጡ ነበር፤ እንኳን ሰው ውሻው ሰልፍ ይይዛል። ክብሪት በአምስት ሳንቲም፣ ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ አንድ ክንድ አቡጀዲ በስሙኒ ነበር፤ በደህናው ጊዜ በሦስት ብር ይገዛ የነበረው ሙክት ደግሞ ዛሬ ቀንዱን እንኳ በዚያ ዋጋ አይሸጡልህም። ጎረምሳው የቴትሮን ሱሪ ካላሰፋ አላገባም የሚልበት ዘመን ነው፤ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ፣ መንገዱን ሁሉ እየጠረገ የሚሄድ። እኔም አንድ ነበረኝ። በበቅሎ ላይ ስሆን እጠቀልለዋለሁ፣ ከተማ ስገባ እፈታዋለሁ። የመስጊዱ ማዕዘን ላይ አንድ የልብስ ሰፊ መኪና ነበረች፤ የእሷ ቱርርርታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ባለመኪናው ሲሰፋ ያንጎራጉራል፤ ግጥሙን ከእኛ ከነጋዴዎቹ ነው የወሰደው፦

ሂድ ያለው ቁልቁለት ስንቱን አወረደ፣
ና የሚል ዳገት ግን ከቶ አልተወለደ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። የመጀመሪያው ዓመት «ይመጣል» ተባለ፤ ሁለተኛው ዓመት ምንም አልተባለም። ቢሮ ውስጥ ረሃብ የሚለው ቃል አይነገርም ነበር፤ «ችግር» ነው የሚባለው፣ እሱም በቀስታ። ገበያ ውስጥ ግን ነጋዴ ቃል አይጠብቅም። በሬ እህል ሲሸሽ እናያለን፤ ማለቴ የበሬ ዋጋ ሲወድቅና የእህል ዋጋ ሲወጣ። ሁለቱ ተለያይተው መሮጥ ከጀመሩ ቀኑ ከፍቷል።

ፈረንጁ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ከየት አገር እንደሆነ ሁለት ጊዜ ነግሮኝ ሁለቱንም ጊዜ ረሳሁት። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት አስተምሯል፤ አማርኛው እየተንገዳገደም ቢሆን ይደርሳል። ሚስተር ነው የምንለው። ረጅም፣ ቀይ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ በቁምጣ የሚሄድ፤ ገበያ ውስጥ ሴቶቹ ጉልበቱን አይተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። ያን ቅባት ክንዱንም አፍንጫውንም ሲቀባ ይውላል። ካርታ ዘረጋልኝ። መሐሉ ላይ በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይመር፣ እዚህ ምንም አልተጻፈም። ነጭ ነው። እኔ ነጩን ማየት እፈልጋለሁ። በሽሎና ዓባይ የሚገናኙበት።»

«እዚያ ምን አለ?» አልሁት።

«አላውቅም። ለዚህ ነው የምሄደው።»

እንድሪስ የሚባል አብሮኝ የሚጭን ሰው ነበረኝ፤ ፊቱ እንደ በቅሎ ኮርቻ የጠቆረ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄ ሰውዬ አገሩ ውስጥ ምን አጥፍቶ ነው?» አለኝ። ለእኛ ሰው በገዛ ፈቃዱ ወደ በረሃ የሚወርደው ደም ሲኖርበት ነው።

እሺ ያልሁበት ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ከመካነ ሰላም አንድ ሙሉ ቀን ተጉዘህ፣ ደጋው ተቆርጦ ቆላው ሊጀምር ሲል፣ አፋፉ ላይ አያ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ነበሩኝ። ሲራራ ነጋዴ በየመንገዱ ማረፊያ ቤት አለው፤ የእኔ ማረፊያ እሳቸው ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፣ እኔ እስላም ነኝ፤ በእኛ አገር ይህ የሚለየው ሥጋ ሲታረድ ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ወባ በረሃ ላይ ጥሎኝ በቅሎ ላይ ታስሬ እቤታቸው ደርሻለሁ። ሚስታቸው እታለም ዘነቡ ሁለት ሳምንት ሙሉ በማንኪያ እያጎረሰች ነው ያቆመችኝ። ትርንጎ የምትባል ዐሥር ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ደግሞ ዝንብ ታባርርልኝ ነበር። ስለዚህ ቀኑ ሲከፋ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እነሱ ናቸው። ደጎሎ ገበያ ወርጄ፣ ተጋፍቼ፣ የሰው ክርን ጎኔን እየመታኝ ሁለት ጭነት ገብስ አገኘሁ። ለዘርም ለአፍም የሚሆን፤ ለበልግ ዝናብ ቢያደርሳቸው ብዬ። በቅሎ ወደዚያ ማውረድ ከባድ ነበርና ፈረንጁ መንገዱን ሲጠራልኝ «አሏህ አመጣልኝ» አልሁ። እሱ በእኔ በቅሎ ነጩን ያያል፤ እኔ በእሱ ጉዞ ገብሱን አደርሳለሁ። ብልጥ ነበርሁ፤ ምን ያደርጋል።

አራት በቅሎ ይዘን ወጣን። ሁለቱ ገብስ፣ አንዷ የሚስተርን ድንኳንና ቆርቆሮ ምግብ፣ አንዷ ራሱን ሚስተርን። ደጋው ላይ ሜዳው ቢጫ ነበር፤ የመከር ቢጫ ሳይሆን የደረቅ ቢጫ። ከብት የለም። በየአጥሩ ሥር ሰዎች ተቀምጠው ያያሉ፤ አይነሡም። በደህናው ቀን ፈረንጅ ቢያልፍ መንደሩ ሁሉ ይከተላል። ሚስተር ፎቶ ማንሻውን ሊያወጣ ሲል እንድሪስ እጁን ያዘው፤ «ዛሬ አይደለም ጌታዬ፤ ሰዎቹ አልታጠቡም» አለው። ሚስተር የገባው ይመስለኛል፤ መልሶ ከተተው።

አያ ደምሴ ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ከሩቅ ያየሁት ጎተራውን ነው። ነጋዴ ገበሬ ቤት ሲደርስ ፊት አያይም፤ ጎተራ ያያል። ይህ የሙያችን ዓይን ነው። ጎተራው ክፍት ከሆነና ግድግዳው ከተሰነጠቀ ሰውየው ችግር ላይ ነው ማለት ነው፤ በሬውን በምትጠራለት ዋጋ ይሰጥሃል። ጎተራው ተመርጎ፣ አፉ በእበትና በአመድ ተለቅልቆ ከታተመ ግን ሰውየው አልቸኮለም፤ ዋጋውን ጨምረህ ጀምር። የአያ ደምሴ ጎተራ አዲስ ተመርጎ፣ ተለስኖ፣ አፉ እንደ ማር ቀፎ ታትሞ ነበር። እበቱ ገና አልደረቀም።

ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ መንደር መሐል የእኔ ሰው ጎተራ ሞልቷል! ገና በቅሎ ሳልፈታ ጮኼ «አያ ደምሴ! እኛ ርቧችኋል ብለን ስንጨነቅ፣ እርስዎ ቀብረው ተቀምጠዋል ለካ!» አልኋቸው።

እሳቸውም ሳቁ። ነጭ ጥርስ ነበራቸው፤ ከስተው ስለነበር የበለጠ ነጭ ሆኖ ታየኝ። «እግዜር ይመስገን፤ እኛስ ደህና ነን። ግቡ ግቡ፤ እንግዳ ውጭ አይቆምም» አሉ። ሚስተርን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ፈረንጅ ቤታቸው ሲገባ የመጀመሪያው ነው፤ ጋቢያቸውን አንጥፈው አስቀመጡት።

ትንሽ ቆይተው አንዲት ፍየል ጎትተው መጡ፤ ካራውን ለእኔ ሰጡኝ። «በል አንተ ባርካት። በእኔ እጅ ከታረደች አትበላም፤ እንግዳህ ደግሞ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«አያ ደምሴ፣ ምን አስቸገረዎ፤ እኛ ስንቅ አለን።»

«ከእኔ ቤት ስንቅህን ልትፈታ? አንተ ልጅ፣ ወባው አእምሮህን ነው የወሰደው?»

ቢስሚላህ ብዬ አረድኋት። እኔ ካረድሁ እነሱ አይበሉም፤ ይህ የታወቀ ነው። ውጭ ላይ እኔና እንድሪስ ጠብሰን ከሚስተር ጋር በላን። እታለም ዘነቡ ቂጣ አቀረበች። «እናንተስ?» ስላት «እኛ ቀደም ብለን በልተናል፤ ሥጋው ደግሞ የእናንተ ነው» አለች። ትርንጎ ምሰሶውን ተደግፋ ታየናለች። ልጅ ሥጋ ሲያይ እንደዚያ ነው ብዬ አለፍሁት። ሚስተር ብስኩት ሰጣት፤ ተቀብላ አልበላችም፣ በቀሚሷ ጠቅልላ ያዘችው። ጨዋ ልጅ አልሁ። እኔ ሰውን በዓይኔ ሚዛን ላይ አስቀምጬ የማልሳሳት ነጋዴ ያን ቀን ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ተርጉሜ ሁሉንም ተሳሳትሁ።

በማግሥቱ ጠዋት የገብሱ ነገር መጣ። እዚህ ላይ ስለ አገራችን እምቢታ አንድ ነገር ልበል፤ ወጣቱ ረስቶታልና። አንድ ነገር ሲሰጡህ የመጀመሪያውን እምቢ የምትለው ለይሉኝታ ነው። ሁለተኛውን ለክብርህ። ሰጪው ሦስተኛ ጊዜ «በሞቴ!» ብሎ ሲለምንህ፣ ያኔ እሱ አስገደደህ ተብሎ ትቀበላለህ፤ ክብርህም ሆድህም ይተርፋሉ። ሁለት እምቢታ ማለት ገና እሺታም እምቢታም አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ አገር አልነበረም።

«አያ ደምሴ፣ ይሄን ገብስ ለእናንተ ብዬ ነው ያመጣሁት» አልኋቸው።

ሚስተር አጠገባችን ቆሞ ጫማውን ያስራል። አያ ደምሴ አንዴ እሱን፣ አንዴ ጆንያውን አዩ። «ለእኛ? እኛ ምን ጎደለንና? ቆላው ላይ እህል የሚባል የለም፤ ለእንግዳህ ይዘህለት ውረድ።»

«ግድ የለም፤ ቢያንስ አንዱን ጭነት ይያዙ።»

«ኧረ ተው ይመር። አላየህም ጎተራዬን?»

አየሁት። ጠዋት ፀሐይ ላይ እንደ ሙሽራ ቤት ያብረቀርቃል። ሚስተር ቀና ብሎ «እሳቸው አይፈልጉም፤ እኛ ደግሞ መንገድ አለን» አለ። እውነቱን ነው፤ በእሱ አገር አይ ማለት አይ ነው። እሱን ዛሬም አልወቅሰውም። ሦስተኛው የእኔ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ያን የተለቀለቀ ጎተራ ደግሜ አየሁና «ሀብታም ሰው ላይ በሞቴ አይባክንም» ብዬ ዋጥሁት። መጫኛውን አጠበቅሁ።

ስንወጣ እታለም ዘነቡ እስከ አጥሩ ሸኘችን። የኋለኛዋን በቅሎ ልጓም ይዛ ቆመች፤ ጆንያውን በእጇ ዳበስ አደረገችው።

«በቅሎዋ አልከበዳትም?» አለችኝ።

«ቁልቁለት ነው፤ ትችለዋለች» አልኋት።

ልጓሙን ለቀቀች። «በሰላም ግቡ» አለች።

ሁለት ቀን ወረድን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ ድንጋዩ በረባሶውን አልፎ ያቃጥላል። ቆላ እህል የለም ያሉት እውነት ነበር። ከሚስተር ቆርቆሮ ሌላ የበላነው ያን ገብስ ነው፤ ቆልተን፣ ፈጭተን፣ በሶ በጥብጠን። ሣር ስላልነበረ በቅሎዎቹም እሱን በሉ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ለሰው ያሰብሁትን እህል በቅሎ ስታኝከው ቆሜ አይቻለሁ፤ ያውም ጆሮዋን እያሻሸሁ።

ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ደረስን። አንዱ ቡናማ ውሃ መጣ፣ ሌላው ቡናማ ውሃ መጣ፣ ተገናኙና አንድ ቡናማ ውሃ ሆነው ሄዱ። ያየሁት ይህን ነው። ሚስተር ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያየዋል፤ ዓይኑ እርጥብ ነበር። ካርታውን አውጥቶ በእርሳስ የሆነ ነገር ጻፈበት። ነጩ ቦታ ነጭ መሆኑ ቀረ። የሚበላ ሥር የሚቆፍሩ አንድ ሽማግሌ ወደ እኛ መጡና እንድሪስን «ምን ጠፍቶበት ነው?» አሉት።

«ውሃውን ሊያይ ነው የመጣው።»

«አገሩ ውሃ የለም?»

«ሞልቷል።»

ሽማግሌው ፈረንጁን በሐዘን አዩት። «አብሽር በሉት፤ ይሻለዋል» ብለው ወደ ቁፋሯቸው ተመለሱ። በሶ ሰጠናቸው። እሳቸው አንድ ጊዜም እምቢ አላሉም፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ያኔ ነበር ሊገባኝ የሚገባው፤ አልገባኝም።

ስንመለስ ሚስተር «በመጣንበት አንሄድም» አለ። የእነሱ ደንብ ነው መሰለኝ፤ አንዴ ያዩትን ደግመው ማየት ሐራም ነው። በሌላ ሸንተረር ወደ አጅባር ከተማ ወጣን። አያ ደምሴ ቤት አልደረስንም። ሚስተር አጅባር ላይ አቅፎኝ ሄደ። የሄደበት አገር ቸር ያድርገው፤ ደግሜ አላየሁትም።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። እኔ ጉልበቴ አልቋል፤ በቅሎ ያለው ደህና ሰው አሳየኋት። «ብቻ አንድ ነገር ልምከርሽ» አልኋት፤ «ሰው ቤት ብትገቡ፣ አይ በልተናል፣ አይ ሞልቶልናል የሚላችሁን አትመኑ።» በስልኳ ጻፈችው። ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም። ሦስት ኪሎ ቴምርና አንድ ባትሪ ገዝታ ሄደች።

ከሚስተር ጉዞ በኋላ ነገር ሁሉ ተቀላቀለ። ሬዲዮው ከዘፈን ወጥቶ ማርሽ ብቻ ሆነ። የማናውቃቸው ሰዎች ከጭነት መኪና ላይ ቆመው ይናገሩ ጀመር፤ እኛም የምናጨበጭብበትን ቦታ ለማወቅ የጎረቤትን እጅ እናይ ነበር። የደወል ሱሪዬ ካኪ ሆነ። ቆየት ብሎ ደግሞ ነጋዴ ሁሉ እህል ደባቂ ተባለና አዳራሽ ውስጥ አቆሙኝ፤ መጋዘኔን ፈትሸው ሁለት ጆንያ ጨውና አንዲት ድመት አገኙ። ቢሆንም ሦስት ወር ታሰርሁ። «በሕዝብ ረሃብ የቀለድህ» አሉኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አዎ» አልሁ፤ ሰብሳቢው ደነገጠ። ያመነ ሰው አይቶ አያውቅም። እሱ የከሰሰኝ ባልሠራሁት ነው፤ በሠራሁት የከሰሰኝ የለም።

ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ግን፣ ከጉዞው አንድ ወር ተኩል ያህል ቆይቼ፣ ልቤ እምቢ ብሎኝ ብቻዬን ወደ አፋፉ ወርጃለሁ። የአያ ደምሴ በር በእሾህ ተዘግቷል። በእኛ አገር በር በእሾህ ከተዘጋ ባለቤቱ ይመለሳል ማለት ነው፤ ወይም ይመለሳል ብሎ ያስባል ማለት ነው። ጎተራውን በጉልበቴ መታሁት። እንደ ከበሮ ጮኸ። አፉን በድንጋይ ሰበርሁና አጎንብሼ አየሁት። ተጠርጓል። እታለም ዘነቡ መጥረጊያ ሳታሳርፍበት አልመረገችውም። ከታች ጥጉ ላይ አንድ የገብስ ፍሬ እንኳ አልነበረም። ጎረቤታቸው አንድ ዓይነ ሥውር ባልቴት «ማነህ?» ብለው ከአጥር ሥር ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «እነሱማ እንግዳ ካስተናገዱ በሳምንቱ ወጡ» አሉኝ። «ለዘር ያስቀመጧት አንዲት ቁና ነበረች፤ እሷን ፈጭተው አቀረቡ። ፍየሏም የመጨረሻዋ ነበረች። ወደ ደሴ መንገድ ነው የሄዱት ልጄ፤ ሁሉም ወደዚያ ነው።»

በቅሎ አልጫንሁም፤ ባዶዬን ነው የሄድሁት። መንገዱ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየው አያምነውም። ደሴ አቅራቢያ፣ ኩታበር ስደርስ ከከተማው ወጣ ብሎ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው በሰልፍ ተቀምጦ፣ ገንፎ ሲታደል አገኘሁ። ሁለት ቀን በየሰልፉ ዞርሁ። ፊት ሁሉ አንድ ፊት ሆኗል፤ የማውቀውን ሰው ከማላውቀው መለየት አልቻልሁም። በመጨረሻ እኔ አይደለሁም ያገኘኋት፤ እሷ ናት ያገኘችኝ።

«ይመር!» አለችኝ። «አንተ ልጅ፣ ምነው ከሳህ? እናትህ ደህና ናቸው? በቅሎዎችህስ?»

እታለም ዘነቡ ነበረች። ነጠላዋን እንደ ቤቷ አጣፍታ፣ ሰልፍ ላይ ተቀምጣለች። ትርንጎ ጭኗ ላይ ተኝታለች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁና ተነፈስሁ።

«ሁሉም ደህና ናቸው፤ አልሐምዱ ሊላህ» አልኋት። «አያ ደምሴስ?»

«እሱማ አረፈ። ከአጅባር ወዲህ፣ ሜዳው ላይ። የሚቀብርልን ሰው አላጣንም፤ ተመስገን።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚሉት ውሸት ነው፤ ግን ያን ቀን እንባ አልመጣልኝም። «ምነው እታለም፣ ምነው አልነገርሽኝም?» ብቻ አልኋት።

«በእንግዳ ፊት?» አለች፤ እንደ ተገረመች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው የቤቷን ጉዳይ እንዳይሰማ። «በሬያችንን ለመሸጥ አስበን ነበራ። ነጋዴ ባዶ ጎተራ ካየ ዋጋ ይሰብራል፤ አንተ ታጣዋለህ? እሱ ነው እበቱን ያቦካው፣ እኔ ለቀለቅሁት። በማግሥቱ እናንተ መጣችሁ።»

«በሬውስ?»

«ሳንሸጠው ሞተ።»

ሰልፉ ትንሽ ወደፊት ተንቀሳቀሰ። ትርንጎን አቅፋ ጥቂት ክንድ ተጎተተች፤ እኔም ተጎተትሁ። አንድ ነገር የረሳች ይመስል ግንባሯን ያዘችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይልቅ ንገረኝማ፤ ያ እንግዳችን በሰላም ገባ?»

«ገባ።»

«እሰይ! ደምሴ እስኪያርፍ ድረስ ሲያብሰለስለው ነበር እኮ። መንገድ ላይ እንኳ፣ መናገር እያቃተው፣ ‹ቆላው ክፉ ነው፤ የያዙት ስንቅ ይበቃቸው ይሆን?› ይለኝ ነበር።»

ዓይኗን አየሁት። ሽሙጥ ፈለግሁበት፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። አልነበረም።

«በቃን» አልኋት።

«ተመስገን» አለች፤ ወደ ሰልፉም ፊቷን መለሰች።